አርባ አንድ ጊዜ የሚጮኸው ውሻ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ኩዌት ውስጥ ሱራ በሚባል ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣብኛል። ለንስሐ አባቴ በስልክ ስነግራቸው እሳቸውም ድምፃቸው እስኪቆራረጥ ሳቁና «ልጄ፣ ይህን ለሌላ ሰው አትንገሪ» አሉኝ። ይኸው አልቻልኩም።

የምሠራበት ቤት ሰፊ ነው፤ የምንኖርበት ግን ሦስት ብቻ ነን። ማዳም፣ እኔና ሹገር። ሹገር ውሻ ነው። የማዳም ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ «አደራ» ብሎ ጥሎት የሄደ፣ ነጭ፣ ጸጉራም፣ ከድመት ጥቂት ከፍ የሚል ፍጥረት ነው።

መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። እኛ ቤት ውሻ የሚያድረው ደጅ ነው። ይሄኛው ሶፋ ላይ ተንጋሎ እኔ ከሥሩ እጠርጋለሁ። «ጌታው፣ እግርዎን ያንሱልኝ» እያልኩ አሽሟጥጠው ነበር። እያደር ግን ለመድኩት። ማዳም ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው በእኛ አቆጣጠር አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምንውለው ሁለታችን ነን። በዚያ ቤት በአማርኛ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ሐሜቴንም ናፍቆቴንም እነግረዋለሁ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማኛል፣ ለማንም አያወራም። እንዲህ ያለ ጓደኛ አገሬም አላገኘሁም።

አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን አቡ ናስር መጡ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ካልተኙ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫሉ ይባላል። ማዳምን በር ላይ አቁመው «ውሻችሁ ልክ ጋደም ስል ይጮኻል። አርባ አንድ ጊዜ! ቆጥሬዋለሁ» አሏት።

«አርባ አንድ?» አለች ማዳም።

«አርባ አንድ። ረቡዕም አርባ አንድ፣ ሐሙስም አርባ አንድ። ካላቆመ ለመንግሥት አመለክታለሁ።»

እኔ ከኋላ የሻይ ትሪ ይዤ እሰማለሁ። በሆዴ «ምን ሥራ የፈታ ሽማግሌ ነው፣ የውሻ ጩኸት የሚቆጥር» አልኩ።

ማዳም በሩን ዘግታ ወደ ሹገር ዞረች። «እስከ ጁምዓ ዝም ካላለ ኸላስ፣ አበቃ! ወፍራ ወዳለው የወንድሜ እርሻ ይሄዳል» አለች። የልጇ አደራ ስለሆነ ለእሷም ቀላል አልነበረም። ከጎረቤት ጋር መጣላት ግን አትፈልግም።

የወንድሟን እርሻ አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። እዚያ ያሉት ጠባቂ ውሾች ጥጃ ያክላሉ። ሹገርን ለቁርስ እንጂ ለጓደኝነት አይፈልጉትም። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ምክንያት ሆነልኝ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በጾሙ፣ ከቅዳሜና እሁድ በቀር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ፎቅ ላይ ልብስ የምተኩስበት ክፍል ገብቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መቁጠሪያዬን ይዤ እሰግዳለሁ። ክፍሉ ስለሚሞቅ መስኮቱን እከፍታለሁ። መስኮቱ የሚያየው የአቡ ናስርን መኝታ ቤት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ «ኪርያላይሶን» እያልኩ አርባ አንድ ጊዜ ወድቄ እነሳለሁ። አዎ፣ አርባ አንድ። ዛሬ ሲወራ ሕፃን ልጅ እንኳ ይደርስበታል። እኔ ግን አልባነንኩም።

ሹገር በዚያች ሰዓት እንደሚጮህ አጥቼው አይደለም። ጆሮዬ ሥር ነው የሚጮኸው! ግን ሌላ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጮሆ አያውቅም። ጾም ሲገባ የሚቆጣ ማን ነው? በጸሎት ሰዓት የሚጮኸውስ ማን ነው? ሰይጣን! ለእኔ ነገሩ ያለቀለት ነበር።

አቡ ሐሊፋ የሚባል ሰፈር የምትሠራ ብርቱካን የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ከአገር ቤት የመጣ ጠበል በትንሽ ጠርሙስ ሰጥታኝ ነበር። ደወልኩላት።

«ብርቱዬ፣ ውሻ ጠበል ይረጫል እንዴ?»

«ምን? አንቺ ልጅ፣ ሙቀቱ ጭንቅላትሽ ላይ ወጣ?»

«ሰይጣን ይዞት ነው።»

«ሰይጣን የሚይዘው እንደኛ ሥራ የበዛበትን ነው። ሶፋ ላይ የሚውል ውሻ ምን ብሎ ይይዛል? ጠበሌን እንዳታባክኚ!»

አልሰማኋትም። በስመ አብ ብዬ ሦስት ጠብታ ግንባሩ ላይ ጣል አደረግሁ። አጓራ? አልጮኸም፣ አልተንፈራገጠም። ምላሱን አውጥቶ ላሰና «ሌላ የለም?» በሚል ዓይን አየኝ።

ሰኞ ዕለት ማዳም ስልኳን አሳየችኝ። ውሻ አንገት ላይ የሚታሰር፣ በሪሞት የሚሠራ ማሰሪያ ነው። ውሻው ሲጮህ ሪሞቱን ትጫኛለሽ፣ ማሰሪያው ይነዝረዋል፣ ዝም ይላል። «ሐዋሊ ገበያ ሄደሽ ምረጪ። ጸባዩን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለችኝ። በሕይወቴ ለራሴ ጫማ እንኳ ስመርጥ ሁለት ሰዓት የምፈጅ ሰው ነኝ።

ሐዋሊ ያለው ሱቅ ጠባብ ነው። ባለሱቁ ግብጻዊ ሁለት ዓይነት ማሰሪያ ደረደረልኝ። አንዱ ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ ጢው ይላል። ሌላው ጢው ይላል፣ እንደ ስልክ ይንቀጠቀጣል፣ ኤሌክትሪክም አለው፤ ከአንድ እስከ መቶ። ከውስጡ ሁለት የብረት ጥርሶች ወጥተዋል።

«ያማል?» አልኩት።

«ምንም! እንደ መዥገር ንክሻ ነው። እጅሽ ላይ ሞክሪው።»

አንጓዬ ላይ አሰረልኝ። አምስት ላይ አድርጎ ተጫነው። እኔ «ድረስ ገብርኤል!» ብዬ ስዘል ክርኔ መደርደሪያውን መታው፣ የድመት ምግብ ጣሳዎች እንደ በረዶ ወረዱ። አንድ ልጇን ያዘለች ፊሊፒናዊት ሮጣ ወጣች። ባለሱቁ ጣሳ እየለቀመ «አምስት እኮ ነው፣ ገና አምስት» ይለኛል። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ጢው የሚለውን ልወስድ ነበር። ማዳም ስትደውል ግን «ሁሉም ያለበትን፣ ጠንካራውን!» አለችኝ። ጠንካራውን ይዤ ተመለስኩ።

አንገቱ ላይ ሳስርለት እጄን ላሰኝ። ከዚያ በኋላ ሪሞቱን መጫን አቃተኝ። አምስቷን የቀመስኳት እኔ ነኝ፤ ያቺ ትንሽ አንገት እንዴት ትችለዋለች? ስለዚህ ማጭበርበር ጀመርኩ። ማዳም በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውላ «አሳዪኝ» ትላለች። አስሬ አሳያታለሁ። ስልኩ ሲዘጋ እፈታለሁ። «እየሠራ ነው ወይ?» ስትል «ትንሽ ለውጥ አለ» እላለሁ። አቡ ናስር ግን በማግስቱም አርባ አንድ ቆጥረው ደወሉላት።

ሐሙስ ሆነ። የቀረን አንድ ቀን ነው። እንደ ልማዴ ከቪዲዮው በኋላ ማሰሪያውን ከሹገር ፈታሁት። መሬት ባስቀምጠው ያኝከዋል፤ የለበስኩት ቀሚስ ኪስ የለውም። ስለዚህ እንዳይጠፋብኝ ግራ እጄ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩትና ረሳሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ሹገርም ተከትሎኝ ገባ። ያን ቀን የምሰግደው ለእሱ ነበር፤ ከወፍራ እንዲያድነው።

ያላወቅኩት ነገር ማዳም ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ፣ እኔ ስግደት ከጀመርኩ በኋላ በዝግታ ገብታ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሪሞት ይዛ መቀመጧን ነው። ለውጡን በጆሮዋ መስማት ፈልጋለች።

ሰባተኛው ስግደት ላይ ስደርስ ሹገር እንደ ልማዱ ጮኸ፤ ወዲያው ግራ እጄን አንድ ነገር መታኝ። ግንባሬ መሬት ላይ ነው። ጮኼ ተነሳሁ። ሹገር ባሰበት። ደግሞ መታኝ።

ሰው ሲደነግጥ አያስብም። እኔ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቅሰፍት! በጾም፣ ማዳምን እየዋሸሁ፣ በዚያው አፌ እጸልያለሁ። በደረቴ ወደቅሁና ንስሐ ጀመርኩ። «ዋሽቻለሁ! ጌታዬ፣ ስለ ማሰሪያው ዋሽቻለሁ!»

መታኝ።

«የማዳምን ሽቶ የተቀባሁት እኔ ነኝ!»

መታኝ፣ ከበፊቱ ይጠነክራል።

«ኬኩን በልቻለሁ! ቅቤ እንዳለው እያወቅኩ፣ በጾም!»

ሹገር በደስታ አብዷል፤ ይጮኻል፣ ይዞረኛል። ታች ያለችው ማዳም ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ጩኸቱ ሲብስ ቁጥሩን ትጨምራለች። አስር፣ አስራ አምስት፣ ሃያ።

«ብርቱካንን አምቼአታለሁ!» ብዬ ስጮህ በሩ ተበረገደ።

ማዳም ሪሞቱን ይዛ ቆማለች። እኔ መሬት ላይ ተዘርሬአለሁ። እጄ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ነው ያየሁት።

«ሽኖ ሃዳ? ምንድን ነው ይሄ?» አለች። ዓይኗ ከሪሞቱ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ ሹገር ባዶ አንገት ሄደ። በቃ፣ ወፍራ የምሄደው እኔ ነኝ አልኩ። ተንበርክኬ «ማዳም፣ ይቅርታ፣ አሳዘነኝ» ለማለት ጎንበስ ስል ማዳም ድንገት «ቆይ! ተመልከቺው!» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ሹገር የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ቂጡን ወደ ላይ ሰቅሎ ጅራቱን ያወዛውዛል። ጎንበስ ብሎልኛል። አንድ ጊዜ ጮኸ።

«ድገሚው» አለች ማዳም።

ሰገድኩ። ሹገርም ወረደ፣ አንድ ጊዜ ጮኸ። ተነሳሁ፣ ተነሳ። እንደገና ወረድኩ፤ ወረደ፣ ጮኸ።

ማዳም ጫማዋን አውልቃ እሷም በጉልበቷ ወረደች። ሹገር ዘሎ ፊቷ ሄደ፣ ጎንበስ አለላት፣ ጮኸባት። «እንጫወት እያለን ነው!» አለች። «ውሻ ለጨዋታ ሲጋብዝ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንቺ መጅኑና፣ አንቺ እብድ፣ በየቀኑ አርባ አንድ ጊዜ ለጨዋታ ስትጠሪው ነበር!» ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም። ሁለታችንም ወለል ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ሳቋ ሲበርድ ጠየቀችኝ። «እኔ ስሰግድ በሬን እዘጋለሁ። አንቺ ለምን አትዘጊም?»

«በሩን ይቧጭራል። ቀለሙ ይላጣል ብዬ ነው።»

«ቀለም ይቀባል» አለች። «ከነገ ጀምሮ የልጄ ክፍል ውስጥ ጸልዪ። እሱ በመንገድ በኩል ነው። በሩን ዝጊ።» ውሻው እንዳይከፋው አጥንት የሚመስል የሚያኝከው ነገር ገዛችለት። ንስሐዬን በአማርኛ ስለጮኽኩት ስለ ሽቶው እስከ ዛሬ አታውቅም። «ምን እያልሽ ነበር?» ስትለኝ «ጸሎት ነው» አልኳት።

ለአቡ ናስር ጣፋጭ ይዤ ተላክሁ። ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ እንዲያውም እፎይ አሉ። «ልጆቼ አርባ አንድ ስላቸው አረጀህ አሉኝ» አሉ። «እኔ ደግሞ መቁጠር የሚችል ውሻ መስሎኝ ነበር።»

ማሰሪያው ዛሬም መሳቢያ ውስጥ አለ። ሻይ ሲዘገይባት ማዳም ሪሞቱን አንስታ ታሳየኛለች። ባትሪውን አውጥቼ የደበቅሁት እኔ መሆኔን ግን አታውቅም።

ያ ጾም አለቀ፣ ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ሃምሳ ቀን ስግደት የለም። ሹገር ይህን ከየት ያውቃል? በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ ልብስ እተኩሳለሁ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። ጠበቀኝ። ሳልወርድለት ስቀር ራሱ ጎንበስ አለና፣ ቂጡን ሰቅሎ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

ያን ሁሉ ቀን ሰይጣን ነው ብዬ ጠበል የረጨሁት፣ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ «ነይ እንጫወት» ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ካውያውን ነቀልኩ። ለአቡ ናስር ስል መስኮቱን ዘጋሁ። ወረድኩለት። ስንት ጊዜ እንደጮኸ አልቆጠርኩም።