ጓሳ የለበሰው ኮርኒስ

አባቴ እኛ ልጆቻቸው የሠራንላቸውን ቆርቆሮ ቤት ትተው ወደ ድሮው ሣር ቤት መመለሳቸውን የሰማሁት መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ነው። ጌሾ የምትሸጥ የቀበሌያችን ሴት ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ውይ፣ መሪጌታን ምን አስቀየማችኋቸው፣ ወደ ሣር ቤታቸው የተመለሱት?» አለችኝ። ግራ መጋባቴን አይታ አዘነችልኝና አንድ እፍኝ ጌሾ መርቃ ሰደደችኝ።

ቤቱን ከሁለት ዓመት በፊት ያሠራሁት እኔ ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ግንባታ አስተምራለሁ። ወንድሞቼ ቆርቆሮና ሚስማር ሲያመጡ፣ ውኃ ልኩን ይዤ ግድግዳ ግድግዳውን የዞርኩት፣ አናጢዎቹን «ይኼ ጠሟል፣ አፍርሱት» እያልኩ ያስመረርኩት እኔ ነበርኩ። ሲያልቅ ቆርቆሮው ከማዶ ተራራ ያብለጨልጭ ነበር። እናቴ አዲሱን በር ደጋግማ ከፍታ ዘጋችው። አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንግዲህ ያንን ቤት ነው ትተውታል የተባልኩት።

ዓርብ ክፍል እንደጨረስኩ ተነሣሁ። መኪና ካወረደኝ በኋላ ያለውን ዳገት በእግሬ ወጥቼ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ታኅሣሥ ነው፤ ገብሱ ታጭዶ ነፋሱ ሜዳውን ብቻውን ይዞታል። አባቴ ከሣር ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ይመለከታሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«አባየ፣ ቤቱ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው ልጄ። ተማሮቹ እዚህ ስለለመዱ ነው።»

«ሲተኙም ያስተምራሉ እንዴ?»

ሳቅ ሲሉ ሳል አቋረጣቸው። ረጅም ሳል ነበር። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ «ተይ» አለችኝ፤ ተውኩት።

ያን ዕለት ከእናቴ ጋር ቆርቆሮው ቤት አደርኩ። እስከዚያ ቀን በክረምት ካልሆነ፣ ያውም ሰው ሞልቶበት ካልሆነ፣ አድሬበት አላውቅም። ጎሕ ሲቀድ ግንባሬ ላይ ጠብ ያለ ነገር ቀሰቀሰኝ። ቀና ብዬ ባይ ቆርቆሮው ወርዝቷል፤ ትንፋሻችን ወጥቶ ወጥቶ እዚያው ቀዝቅዞ ተመልሶ ይንጠባጠብብናል። ሁለት የሱፍ ባና ደርቤም እግሬን ቆፈን ይዞታል። እናቴ ከአጠገቤ የለችም። ስወጣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭቷል፤ እሷ ፍም በገል ይዛ ወደ ቤት እየመጣች ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው እማየ?»

ገሉ ላይ ያለውን ፍም እፍ አለችው። ዞር ስል ከቤቱ ኋላ የማገዶው ክምር ከነበረበት ቦታ ጥቂት ጭራሮ ብቻ ቀርቷል። ድሮ እስከ ሚያዝያ ያደርሳት የነበረው ማገዶ ታኅሣሥ ሳይጋመስ አልቋል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን? ቆመሽ ያሠራሽው ቤት ይበርዳል ብለን?» ፍሙን ቁጭ አድርጋ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔማ ልነግርሽ ነበር። አባትሽ ናቸው፣ ‹ልጄ ስትመጣ ደስ ብሏት ትመለስ፤ እንዳትነግሪያት› ያሉኝ። ሳሉ ሲጠናባቸው እኔው ነኝ ሂዱና እዚያ ተኙ ያልኳቸው።»

ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። በእነሱ ተቀይሜ አልነበረም፤ በራሴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ልጆችን አቁሜ ስለ ማዕዘን፣ ስለ ሚስማር፣ ስለ ሲሚንቶ ሳስተምር፣ ቤት ውስጥ ያለ ሙቀት በየት በኩል እንደሚወጣ አንድ ቀን አላነሣሁም። አባቴ ከኪዳን ሲመለሱ እዚያው አገኙኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ ትከሻዬን ይዘው። «ቤቱ ቆንጆ ነው። ብርዱን ግን አላስወጣችሁትም።»

እጄን ይዘው ወደ ሣር ቤቱ ወሰዱኝና በትንሿ መስኮት ክንዴን እንዳስገባ አዘዙኝ። የድንጋዩ ካብ እስከ ክርኔ ዋጠኝ። በሩ ነፋስ ለሚመጣበት በኩል ጀርባውን ሰጥቷል። የሣሩ ክዳን ከነጠቀርሻው አንድ ስንዝር ተኩል ይሆናል። ተወልጄ ያደግሁበት ቤት ነው፤ አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም። እኔ የቆርቆሮው ቤት ግድግዳ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ቀጭን አድርጌ ነበር ያስመረግሁት።

ቀኑ ቅዳሜ ሰንበት ስለነበረ ሥራ መንካት አይቻልም። አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ «ጧፍ ይዞ መዞር ግን ሥራ አይባልም» አሉ። ወደ ቆርቆሮው ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። እሳቸው ጧፉን አብርተው ግድግዳውን እየታከኩ በዝግታ ይሄዳሉ፤ እኔ በከሰል ምልክት እያደረግሁ እከተላለሁ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይቆይና አንድ ቦታ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በበሩ ሥር ጎበጠ። በመስኮቱ ዙሪያ ጎበጠ። ግድግዳውና ክዳኑ በሚገናኙበት በኩል በርጩማ ላይ ቆሜ ሳስጠጋው ጭራሽ ጠፋ። አባቴ፣ «አየሽው? እዚህ ጋ ነው ሌባው» ሲሉ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። እናቴ የከሰል ምልክቱን ስታይ፣ «ቤቱን ፈንጣጣ አወጣችሁበት» ብላ ሳቀች።

በጥር የመንፈቅ ዕረፍት ሲሆን ተመልሼ ሄድኩ። በዓል ያልሆኑትን ቀኖች እየመረጥን ሠራን። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተን ቀናት ካከረምነው በኋላ ግድግዳውን ከውጭ እንደገና መረግነው፤ በዚህ ጊዜ ወፍራም አድርገን፣ በሁለት ዙር። ለመስኮቱ ከጣውላ መዝጊያ ሠራሁለት። ለበሩ ሥር እናቴ ከአሮጌ ባና ጠቅልላ ሰፋችለት። ትልቁ ሥራ ኮርኒሱ ነበር። የባሕር ዛፍ አጠናዎች ከግድግዳ ግድግዳ አጋደምን፤ እናቴ የማዳበሪያ ከረጢቶችን አጥባ በወስፌ እያያያዘች አንድ ሰፊ ጨርቅ አደረገቻቸውና ከሥሩ ወጠርነው። ከላይ የሚነጠፈው ጓሳ ነው፤ ከላይ ከውርጩ አገር በአህያ የሚመጣው፣ ሰው ለቤት ክዳንና ለፍራሽ የሚያጭደው ሣር።

እዚህ ላይ ቸኮልኩ። ዕረፍቴ እንዳያልቅብኝ ሠግቼ ጓሳው እንደመጣ ወጥቼ ነጠፍኩት። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ሻጋታ ሸተተ፤ ከረጢቱ ላይ እንደ ካርታ ያለ ርጥበት ታየ። ሁሉንም ማውረድ ግድ ሆነ። አባቴ ያወረድኩትን አንድ እፍኝ አንሥተው ጨመቁት።

«ጓሳ ታጭዶ በፀሐይ ካልደረቀ ቤት አይገባም» አሉ።

«ታዲያ ሳስገባው ለምን ዝም አሉኝ?»

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ ብዬ።»

ጓሳው ላይ ቁጭ አልኩና ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። «አባየ፣ ከእንግዲህ እኔ እንዳይከፋኝ ብለው አይደብቁኝ። ቢበርዳችሁ በረደን በሉኝ። ስሳሳት ተሳሳትሽ ይበሉኝ።»

በእጃቸው የያዙትን ሣር አገላብጠው አዩት። ከዚያ እፍኙን ሣር መልሰው አስቀመጡና፣ «እሺ» አሉ። «እንግዲያው ልንገርሽ፤ ይኼ መስኮት የተሠራበት ቦታም ልክ አይደለም። የጠዋት ፀሐይ የምትመጣው በወዲያ በኩል ነው።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። መስኮቱን እንዳለ ተውነው፤ በወዲያኛው በኩል ግን ሌላ ትንሽ ከፈትን። ጓሳውን አውድማ ላይ ዘርግተን እያገላበጥን አደረቅነው። እኔ ትምህርት ቤት ስለተከፈተ ተመልሼ ነበር፤ አባቴ እየላኩብኝ ይነግሩኝ ነበር፦ ገና ነው፣ ገና ነው፣ አሁን ደረሰ። በሚቀጥለው ጉዞዬ ጎረቤት ጠርተን በአንድ ቀን ነጠፍነው። የቆርቆሮው ላብ ጓሳውን እንዳያበሰብሰው ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱ ጫፎች ነፋስ መውጫ ተውኩለት። ይህንን ማንም አልነገረኝም፤ የመጀመሪያው ጓሳ ሽታ ያስተማረኝ ነው።

አባቴ ግን ወዲያው አልተመለሱም። «ይድረቅ፤ የጭቃውም ጠረን ይውጣ» አሉ። እኔም አልገፋሁም። ማገዶው ግን ምስክር ሆነ። እናቴ ማታ ማታ የምትይዘውን ፍም ቀነሰች፤ ቆይታም ጨርሶ ተወችው። ጠዋት ጠዋት አዲሷ መስኮት ፀሐይ ታስገባለች፤ ጭቃው ቀኑን ሙሉ ይቀበልና ሲመሽ መልሶ ይሰጣል። ኩበት ለመልቀም ቁልቁለት መውረዷ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። «ጉልበቴ አመሰገነሽ» ብላ ላከችብኝ።

በዐቢይ ጾም ዋዜማ ሰሞን ሄጄ ሳለ አባቴ መጽሐፋቸውንና ባናቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። ምንም አላሉም፤ እኛም እንዳላየ ሆንን። እናቴ መደባቸውን ከአዲሷ መስኮት በታች አነጠፈችላቸው።

በማግሥቱ ወፍ ሲንጫጫ ነቃሁ። ቤቱ ለብ ብሏል፤ አባቴ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ተኝተዋል። አንድም ጊዜ ሲያስሉ አልሰማሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ የኪዳን ደወል ተሰማ። ሕይወቴን ሙሉ ከዚያ ደወል ቀድመው የሚነሡ ሰው ናቸው። ልቀሰቅሳቸው ስነሣ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሁለት ዓመት እንዲህ ተኝተው አያውቁም።»

ፀሐይዋ ባናቸው ላይ ስትደርስ ነቁ። ብርሃኑን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ደነገጡ።

«ኪዳን ወጣ?»

«ወጥቷል» አለች እናቴ።

«ምነው ዝም አላችሁኝ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ቤቱ ሞቃቸው ይላል» አለች።

አባቴ ሊቆጡ ከጀሉ፤ አልሆነላቸውም። ባናውን እስከ አገጫቸው ሳቡና ጥቂት እንደ መጋደም አሉ። ከዚያ ተነሥተው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ እየተጣደፉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ።