የእትዬ ወለተሥላሴ ማኅተም

የሚቀልጥ ሰም ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። በመምህርነት ተመድቤ ቦንጋ የገባሁ ሰሞን የተከራየኋት ክፍል እትዬ ወለተሥላሴ ማር ከሚያጠልሉበት ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ደብተር ሳርም ያ ሽታ በጣውላው ስንጥቅ ሾልኮ ይመጣብኛል። ጣፋጭ ነው፤ ትንሽ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል።

እትዬ ወለተሥላሴ ከሰሜን መጥተው ካፋ ከቀሩ ሰዎች የተወለዱ ናቸው። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ሲሞቱ ለልጃቸው የተዉላቸው ነገር ቢኖር «ተክለጻድቅ» የሚል ስም የተቀረጸበት አንድ የናስ ማኅተም ነው። እትዬ ባላቸው አርፈው ማር መነገድ ሲጀምሩ ያንን ማኅተም ከሣጥን አወጡት። ከዋጫና ከቢታ ገነት የሚመጣውን ማር ቀምሰው ይገዛሉ፤ አጥልለው በጠርሙስ ይሞላሉ፤ በክዳኑ ላይ ሰም ያፈሱና ሳይደርቅ ማኅተሙን ያሳርፉበታል። ያልቀመሱት ማር ላይ ማኅተም አያርፍም። ሕጋቸው ይኸው ነበር።

ስም ለማትረፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። በኋላማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ መናኸሪያ ከመድረሱ በፊት ባጃጅ አስቁሞ «የማኅተሙ ማር አለ?» ይል ጀመር። አንድ ጊዜ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና ተሰጥቶ፣ አሠልጣኙ ልጅ «እናቴ፣ የእርስዎ ብራንድ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱን አላውቅም ልጄ፤ እኔ ማር ነው የምሸጠው» አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከጎናቸው የተቀመጠችው አሰለፈች ግን፣ «ኧረ እትዬ፣ ማኅተሙን እኮ ነው የሚልዎ» አለቻቸው።

አሰለፈች ጎረቤታቸው ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሦስት ልጆች ይዛ እሷም ማር ትሸጣለች፤ የሷን ግን የሚያነሣው የለም። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ማሯን እንዳለ ተሸክማ ተመለሰችና የእትዬ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ያንን ማኅተም ለዛሬ ብቻ ቢያውሱኝ?»

እትዬ ማሯን ቀመሱት። ደህና ነበር። ማኅተሙን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ሰጧት።

እኔ በመስኮት ሰምቼ፣ «እትዬ፣ ማኅተም እንደ ወንፊት ይዋሳል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ መምህር፣ ደብተርህን አርም። ጎረቤት እሳት ቢጭር ምድጃዬ ይጎድላል?»

የሠፈሩ ደንብ እንደዚያ ነው። ወንፊት ይዋሳል፤ ሙቀጫ ይዋሳል፤ የለመነ ጎረቤቱን ባዶ እጁን የመለሰ ሰው እድር ላይ ቀና ብሎ አይቀመጥም። እኔም ደፍሬ አልደገምኩላቸውም። «ለዛሬ ብቻ» የተባለው የየቅዳሜው ሆነ። በሁለተኛው ዓመት እትዬ የአሰለፈችን ማር መቅመሱንም ተዉት። «ልጅ አይደለችም፤ ታውቃለች» ይሉ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ግዛቸው የሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ መጣ። ማራቸውን ዓመቱን ሙሉ ሊወስድ፣ ማኅተሙንም አሳትሞ በየሱቆቹ ጠርሙስ ላይ ሊለጥፍ እንደሚፈልግ አስቀድሞ በስልክ ነግሯቸው ነበር። እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ «የአባቴ ስም አዲስ አበባ ሊገባ ነው» እያሉ ጠርሙስ ያጥባሉ። አሰለፈችም ልታግዝ መጥታ ታደርቃለች። እኔን ውሉን እንዳነብላቸው ጠሩኝ።

ግዛቸው ግን ውል አላወጣም። ስድስት ጠርሙስ ማር ከቦርሳው እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሁሉም ማኅተም አለባቸው።

«እትዬ፣ እነዚህን ከዚሁ ከገበያ አስገዝቼ አስመርምሬያቸው ነበር። እንደ አራቱ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም። ሁለቱ ውስጥ ግን ስኳር አለ።»

የካፋ ነጭ ማር ሲረጋ እንደ ቅቤ ነው፤ ስኳር ቢገባበት ዓይን አይለየውም። እትዬ ከሁለቱ ጠርሙሶች ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ብዙ አቆዩት።

«እውነት ነው» አሉ።

«የእርስዎ ነው?»

«ማኅተሙ የኔ ነው።»

«ማኅተሙን አልጠየቅሁም እናቴ። ሌላ ሰው ሞልቶት ከሆነ ይንገሩኝና እሱን ለይተን ሥራችንን እንቀጥል።»

እትዬ አሰለፈችን አላዩዋትም። እኔ አየኋት። ያደረቀችውን ጠርሙስ ደግማ ታደርቃለች። እትዬ የሚጠብቁት ገብቶኛል፤ ከራሷ አፍ እንዲወጣ ነው። አልወጣም።

«ሌላ ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ማኅተሜ ካለበት የኔ ነው።»

ግዛቸው እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በደንቡ ተሰናብቶ ሄደ። ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ገበያውን አዳረሰው፤ ዛሬ የማኅተሙን ማር የሚጠይቅ መንገደኛ የለም። ያን ዕለት ግን ሦስታችን እዚያው ቤት ቀረን።

«ስንት ይሆናል?» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ስንት ጠርሙስ ነው እንዲህ ሆኖ የሄደው?»

«ማር ሲወደድ ልጆቼ ምን ይብሉ እትዬ?»

«ብትነግሪኝ እሰጥሽ አልነበር?»

«እርስዎማ ይሰጣሉ። እርስዎ ሁልጊዜ ሰጪ፣ እኔ ሁልጊዜ ተቀባይ» አለች አሰለፈች። «ደግሞስ መቅመሱን የተዉት እርስዎ ነዎት።»

«አምኜሽ ነዋ።»

አሰለፈች በእጇ የያዘችውን ጠርሙስ ከሌሎቹ አጠገብ ደፍታ አስቀመጠችው። ነጠላዋን ከወንበሩ አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።