ለመምህር አለኸኝ የለየሁት ኩባያ

መምህር አለኸኝ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ሃያ ዓመት ከግቢሽ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንቺ ተናገሪ፣ እኛ እንጽፋለን» አሉኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ጽሕፈቱ የእነሱ፣ ቃሉ የእኔ ነው።

የምታውቋቸው ሁሉ ታውቃላችሁ፤ ሥራቸው ለእኛ አገር ሩቅ ነበር። በሰው አገር መብራት የሚያመነጨው የኒውክሌር ምድጃ አደጋ ደርሶበት ልቡ፣ ማለት ውስጡ ያለው ማገዶ፣ ቢቀልጥ፣ በውሃ እንዴት እንደሚበርድ ከየአገሩ ምሁራን ጋር ያጠኑ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ባሕር ማዶ ይሄዳሉ፤ መስከረም ሲጠባ ባሕር ዳር ናቸው።

ዓሣ ስጠብስ አጠገቤ መቆም ይወዱ ነበር። ያን ጊዜ ከቁንዝላ በጀልባ የሚመጣው ዓሣ፣ አቤት ጣዕሙ፤ አሁንማ ከየት ይገኛል። ባዶው መጥበሻ ሲግል አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያደርጉና፣ ስትንከባለል ጎንበስ ብለው ያይዋታል። ጣናን የሚያህል ውሃ እያለን ለአንድ ጠብታ ነው ባሕር የሚሻገሩት ብዬ ቀለድሁባቸው። ሳቅ አሉና፣ «እማማ፣ እንፋሎቷ እኮ ከብረቱ አራርቋታል። የጣናም ውሃ ቢሆን ካልነካው አያበርደውም» አሉኝ።

ባለቤቴ አልጋ በያዘ ጊዜ፣ ከማስተማር ሲመለሱ አንገቱን ደግፈው አጥሚት ያጠጡት እሳቸው ነበሩ።

እኔ ግን በደልኋቸው። የዚያ ምድጃ መርዝ በልብስ ይመጣል ሲባል ሰማሁና ለልጆቼ ፈራሁ። ከጉዞ ሲመለሱ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ለየሁላቸው፤ ለብቻው አጥባለሁ፣ ለብቻው እሰቅላለሁ። «ይህ የእርስዎ የክብር ነው» አልኋቸው። እጅ ነሥተው ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን አላቀፉም፤ ከደጅ ሰላም ብለው ያልፋሉ። ሥራ በዝቶባቸው ነው እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለቅሶው ላይ የሥራ ባልደረባቸው እውነቱን ነገሩኝ። ለሙከራ የሚያቀልጡት መርዝ የሌለበት ማዕድን ኖሯል። መምህር የኩባያውንም ነገር ያውቁ ነበር። ባልደረባቸው «እውነቱን ለምን አይነግሯቸውም?» ቢሏቸው፣ «ለልጆቻቸው የፈሩ እናት በእኔ ፊት እንዲያፍሩ አልወድም» ብለዋል።

መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ በሰላም ይረፉ። ኩባያዎን ከእኛዎቹ ጋር ሰቅየዋለሁ። ዛሬ ትንሿ ልጃችን ውሃ ጠጣችበት።