ከተማዋን ቀይ መቀባት

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በጻፍኩት ነገር ተይዤ ከጀርባዬ ተገፍቼ ነው እስር ክፍሉ ውስጥ የገባሁት። የኮልፌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጡ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። የእንግሊዝኛ መምህር መሆኔን ስናገር ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ፣ "እዚህ ሰላዩም መምህር ነኝ ብሎ ነው የሚገባው" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። የእኔን ጉዳይ አላነሳም። አጠገቤ የሚተኛው የአየር ጤና መካኒክ ለጓደኛው በእንግሊዝኛ የላከውን የስልክ መልእክት አሳየኝ። እንግሊዝኛውን ከፊልም የለቀመ ልጅ ነው። ቃል በቃል ሲተረጎም "ቅዳሜ ከተማዋን ቀይ እንቀባታለን" ይላል።

"ተርጉመህ ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

"ወጥተን እንጨፍራለን ማለት ነው።"

"ቀይ የሚለው የት ገባ? ደም አይደለም?"

በዕድሜ ቢያንሰኝም አንቱ አልኩት። "እናትዎ አስኮ ድረስ በእግራቸው ሄደው 'ልቤ ወለቀ' ቢሉ፣ መሬት ላይ ልባቸውን ይፈልጋሉ?"

አልሳቀም። "እሺ፣ 'እንጨፍራለን' የሚለውን አውጣና 'እናቀላታለን' በል። አንዲት ቃል ናት።"

በዚያች አንዲት ቃል ልጁ በአመፅ ሊከሰስ ነው። ልጄ ትዝ አለችኝ፤ ፈራሁ። "ወጥተን እንጨፍራለን" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

"እንግዲያው እዚሁ ክረም" አለኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ወሬው ቀጥ አለ። ለመካኒኩ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

ወዲያው እህቴ ያመጣችው ምሳ ገባ። ምግብ ያመጣ ሰው በር ላይ ለፖሊሶቹ ቀምሶ ነው የሚያስገባው፤ እሷም ቀምሳለች። ካቦው ግን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

"አንተም ቅመስ።"

ደሜ ፈላ። ሽሮውን ከዳር እስከ ዳር ቀመስኩ፣ ሳህኑን መሃል ላይ አድርጌ "ብሉ" አልኳቸው። አንድ በአንድ ቀረቡ። መካኒኩ አልበላም።

ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። አሁን አልፎ አልፎ ጦር ኃይሎች ታክሲ ሰልፍ ላይ አየዋለሁ፤ ገና ሲያየኝ ሰልፉን ጥሎ ይሄዳል። ይከፋኛል፣ አልዋሽም። ተከትዬው ላስረዳው አስቤ አውቃለሁ። ነገር ግን ንጹሕ ነኝ እያለ ሰው የሚከተልን ሰው እኔም ብሆን እጠረጥረዋለሁ። ስለዚህ ባዶውን ቦታ እሞላና ታክሲዬን እጠብቃለሁ።