ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረው ጃንጥላ

ጥሩነህ ጓደኛዬ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ገና ድሮ ተጣልቼው በተገላገልኩ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ምስጢር አሸክሞኝ ኖሯል። ስለ ሴት ወይም ስለ ወንጀል ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ስለ በረዶ ሆኪ ነው!

ሁለታችንም በሱዳን በኩል መጥተን ቶሮንቶ ውስጥ ታክሲ ስንነዳ ያረጀን ሰዎች ነን። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። እሱ ከታክሲው ሬዲዮ፣ የሆኪ ጨዋታ ከሚያስተላልፉት ጋዜጠኞች ተማረ። መንገድ መጠየቅ ሳይችል ዳኛ መሳደብ ይችል ነበር። የከተማችን ቡድን ሜፕል ሊፍስ ደግሞ በፈረንጆቹ ከ1967 ወዲህ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። አገሩ የሞላው ቡድን ነው፤ እሱ ግን ይህንኑ መርጦ ወደደ።

በ1993 ጸደይ ታዲያ ሊፍስን ምን እንደነካቸው እንጃ። የመጀመሪያውን ዙር በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ፣ ሁለተኛውንም በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፈው አለፉ። በዚያው ሰሞን እናቴን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ኤርፖርት ያደረሰኝ ጥሩነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

"ለሚካኤል ተስያለሁ" አለኝ። "ሊፍስ ዋንጫውን ከበሉ ጃንጥላ አስገባለሁ። ሰማያዊ ከፈይ፣ ዘርፉ ነጭ የሆነ ፈልገህ አምጣልኝ።"

"ሰው ስለቱ ሲደርስለት አይደል እንዴ የሚገዛው?"

"ቀድሜ ካዘጋጀሁ ይፈጥንልኛል።"

መልአኩን በቀብድ ሊይዘው! ያኔ እምቢ ብዬው ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ሚስቱ መሰረት በሰባት ወሯ ወለደች። ፌበን ብለው የሰየሟት ልጅ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ቱቦ በአፍንጫዋ ተሰክቶ ተኛች። የሦስተኛው ዙር ሰባተኛ ጨዋታ ዕለት ጥሩነህ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ የጠያቂዎች ክፍል ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጦ ነበር። ሊፍስ አምስት ለአራት ተሸነፉ። ሰውየው እንባውን እያዘራ መሰረት አልጋ አጠገብ ሄዶ ተንበረከከ። መሰረት ምን ታድርግ፣ ለልጁ የሚያለቅስ መሰላት። ከአልጋዋ ሆና እሱን አጽናናችው።

እኔ በሁለተኛው ቀን ጃንጥላውን ይዤ ደረስኩ። ገልጣ አየችውና፣ "ለልጃችን ተስለህ ነው?" አለችው። እሱ ወለሉን አየ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ መሰረት በየክርስትናውና በየሠርጉ የምታወራው አንድ ወሬ ነው። "ለልጁ እንደ ጥሩነህ ያለቀሰ ወንድ አላየሁም" ትላለች። እሱ ትን ይለዋል፣ እኔ ጀርባውን እመታለሁ። ፌበን አደገች፣ ተመረቀች፣ አገባች። የሰኔ ሚካኤል በመጣ ቁጥር መሰረት ጃንጥላውን ከቁም ሳጥን አውጥተን እናስገባ ስትል እሱ ለከርሞ ይላል። ያልደረሰለትን ስለት ቢያስገባ ሚካኤልን መዋሸት ሆነበት። እውነቱን ቢናገር ደግሞ መሰረት የምትኮራበትን ያንን ሰው ማጣቷ ነው። ስለዚህ ሊፍስ እስኪያሸንፉ ጠበቀ። ሆኪ አልወድም፤ ግን ከዚህ ጭንቀት ልገላገል ብዬ በየዓመቱ ለእነዚያ የማይረቡ ሰዎች ጸለይኩ። በየዓመቱም አቃጠሉኝ።

ዘንድሮም ሰባተኛው ጨዋታ ደርሰው በገዛ ሜዳቸው ስድስት ለአንድ ተሸነፉ። በዚያው ሳምንት መሰረት ደወለችልኝ።

"ሀብቴ፣ ፌበን ካረገዘች ስድስት ወሯ ነው፤ ዶክተሯ ቤድ ሬስት አድርጊ፣ ከአልጋ አትነሺ ብላታለች። የኔው ነገር ሊደገም ነው። እሱ ስለቱን አላስገባም፣ ምን ሆኗል? አንተ ንገረው በናትህ!"

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ጃንጥላው ከነላስቲኩ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ጥሩነህ የቤተ ክርስቲያን ነጠላውን ለብሶ አጠገቡ ቆሟል።

"ዛሬ ወይ አንተ ትናገራለህ ወይ እኔ እናገራለሁ፤ በቃኝ" አልኩት።

መሰረት ተራ በተራ አየችን። ጥሩነህ ተቀመጠ።

"ጃንጥላው የፌበን አይደለም" አላት። "ሊፍስ ዋንጫ ከበሉ ብዬ ነው የተሳልኩት። እሷ ሳትወለድ በፊት።"

ትጮሃለች፣ ጃንጥላውን በመስኮት ትወረውረዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የጃንጥላውን ላስቲክ በጣቷ ዳበሰች።

"ታዲያ ለልጄ ማን ተሳለላት?"

ጥሩነህ ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

"እኔ እኮ አንተ ተስለሃል ብዬ አልተሳልኩም። ማንም አልለመነላትም ማለት ነው? እንዲሁ ነው ያደገችልኝ?"

ጃንጥላውን ከሶፋው ላይ አነሳችና፣ "ሀብቴ፣ መኪናህን አስነሳ" አለችኝ።

ኋላ ወንበር ላይ ጃንጥላውን ታቅፋ ተቀመጠች፤ ጥሩነህ ከፊት ከኔ ጋር። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ በማን ስም እንደሆነ ጠየቁ። መሰረት የፌበንን የክርስትና ስም ተናገረች። ጃንጥላው ሲዘረጋ የእጥፋቱ መስመር ላይ ከፈዩ ነጣ ነጣ ብሏል። ሴቶቹ እልል አሉ። ጥሩነህ ከኋላ፣ ከጫማዎቹ መደርደሪያ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

ስንመለስ መሰረት እንደገና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም አለፈ፣ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብዬ ተንፈስ አልኩ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

"ልቅሶውስ?" አለች መሰረት ከኋላ።

ጥሩነህ አልዞረም። ዋሽ አልኩት በሆዴ። ያን ሁሉ ዓመት እውነቱን ተናገር እያልኩ የነዘነዝኩት እኔ፣ ዋሽ፣ ስለ ልጅቷ ብለህ አንዲት ውሸት ዋሽ አልኩት።

"እሱም ለነሱ ነበር" አለ።

ከኋላ የመኪና ቀበቶ ሲፈታ፣ በሩም ሲከፈት ሰማሁ። ቤታቸው ለመድረስ ገና ሦስት መብራት ይቀረን ነበር።