የፀሐይ ማዕበል የተወራ ዕለት

ደሙ በቁርበቱ አልፎ መደቡን ሲያርሰው ነው የፈራሁት። ምጥ አውቃለሁ፤ አምስት ወልጃለሁ። በምታምጠው ልጄ ላይ ያየሁት ግን የምጥ ደም አልነበረም። እጇን ብይዘው ቀዝቅዟል። ‹‹እማዬ፣ ጆሮዬ ይጮሃል›› አለችኝ።

አምቡላንስ ቢደወልለትም እኛ መንደር አይዘልቅም። በሽተኛ እስከ መኪናው መንገድ የሚያወርዱት የቅሬያችን ወንዶች ናቸው፤ ስንሞት የሚቀብሩንም እነሱው። ጠራኋቸው፣ አልቀሩም። ግን ቃሬዛውን ከደጄ አሳርፈው ቆሙ። ጠዋት በሬዲዮ፣ የፀሐይ ማዕበል ዛሬ ምድርን ይመታል ተብሏል። የቅሬው ዳኛ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና፣ ጥላ በሌለበት ቁልቁለት ወጥተን ሁላችንም ብንቃጠልስ፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ እንታገሥ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። እኔም ፈርቻለሁ። ልጄ እስከዚያ እንደማትቆይ ግን አውቄዋለሁ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

ባለሱቋ ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምታ መጣች፤ ሬዲዮዋን እንደ ልጅ ታቅፋለች። ‹‹ትናንት ገብስ ስታጭዱ የዋላችሁባት ፀሐይ እኮ ናት፤ ዛሬ ባንዴ ጠላት ሆነች?›› አለቻቸው። የሳቀ የለም። ነገሩን የሚያውቅ ምሁር እየተናገረ ነው ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ሰውዬው ስለ ቅንጣት፣ ስለ ማግኔት ያወራል። አንዱም አልገባኝም፤ ወንዶቹ ጭራሽ ወደ ግድግዳው ጥላ ተጠጉ። እኔ ከውስጥ የልጄን ትንፋሽ፣ ከውጭ የሱን ቃል አዳምጣለሁ። ከዚያ ጋዜጠኛዋ አቋረጠችው። አሁን እርሻ ላይ ያለ ገበሬ፣ ልጅ አዝላ መንገድ የወጣች እናት ምን ያድርጉ ብላ ጠየቀችው።

‹‹ምንም አይሆኑም፤ መንገዳቸውን ይሂዱ›› አለ። ‹‹ማዕበሉ የሚያሰጋው ሳተላይቱንና የመብራት መስመሩን ነው። መሬት ላይ ያለነውን አየሩ ይጋርደናል።››

ዳኛው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ‹‹አንሱ›› አሉ።

ቁልቁለቱን እየተቀባበሉ ወረዱ። እኔ ከጎን እየሮጥሁ ፊቷን በነጠላዬ ጋረድሁ፤ ምሁሩን ባምነውም እጄ እምቢ አለኝ። የደወልንለት አምቡላንስ መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀን።

ሰቆጣ ሆስፒታል ስንደርስ በሆዷ ያለው ሕፃን ሞቶ ነበር። ቀደም ብለን ብንነሳ ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሟን አልጠየቅኋትም፤ ደጅ የተቀመጡት ዳኛም አልጠየቁም። ለልጄ ደም ሰጧት። ሲመሻሽ እጇን ያዝሁት፤ ሞቋል። ውሃ አምጪልኝ አለችኝ።

ደርሰንላታል። ልጄ ተርፋለች።