የመካኒኩ ሳህን

በክር ፋብሪካው የሠራተኞች ካፍቴሪያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያበሰለች ሴት ነበረች። ሠራተኞቹ «እትዬ እጀ ጨው» ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም። ከማሽን ክፍል ለምሳ የሚወጣ ሰው በላብ ተነክሮ፣ የጥጥ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለዛ የሌለው ምግብ ማቅረብ ለእሷ ከስድብ አይተናነስም። ጨው በማንኪያ ለክታ አታውቅም። በእፍኟ ዘግና ድስቱ ላይ ትበትናለች፤ በጭልፋ ቀምሳ ራሷን ነቅነቅ ካደረገች አለቀ። ዘይቱ የምስሩን ዳር ዳር ካልያዘ ደግሞ «ገና ነው» ትላለች።

ባሏ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነበር። የተግባቡትም በምግብ ነው። በወጣትነቱ አንድ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ተሰልፎ ሲመጣባት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሆድህ ጎተራ ነው እንዴ?» አለችው።

«ሆዴስ ጠግቧል፤ ዓይኔ ነው ያልጠገበው» አላት።

በዓመቱ ተጋቡ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጨዋታ የማያውቅ፣ ከሰው ይልቅ ከብሎን ጋር የሚግባባ ሰው ነበር። ግን ማታ ማታ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጠርጎ፣ የታጠበ አስመስሎ ወደ እሷ ገፋ ሲያደርገው ይገባታል። እሷም የሥጋውን ስብ ለይታ ለእሱ ታስቀምጣለች። ቀበቶው በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ ሲጨምር ጎረቤቶች «ሚስትህ ይዛሃለች» ይሉታል፤ ለእሷም እንደ ምስጋና ነበር። ጠዋት የፋብሪካው አውቶቡስ ከደጅ ይወስደዋል፣ ማታ እዚያው ደጅ ላይ ይጥለዋል። ከዚያ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ሲጋራውን ያጨሳል። ማንም ምንም አላለም።

ሃምሳ ሰባት ዓመት በሞላው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ ደረጃው መሀል ላይ ቁጭ አለ። «ቃር ነው» ብሎ አምቦ ውሃ ጠጣና ሥራውን ቀጠለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ግራ እጁን እያሻሸ ብሎን ሲያጠብቅ ቆየ። በምሳ ሰዓት ተሰልፎ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ አንገቱ ላይ ላብ ይወርዳል። ሳህኑን ሞልታ ሰጠችው። አየው፣ አየውና መልሶ ገፋላት። ሳይነካው።

ሌላ ምልክት አላስፈለጋትም። ሽርጧን ድስቱ አጠገብ ጥላ በብብቱ ገብታ ደግፋ ይዛው ወጣች።

ሆስፒታል ውስጥ የመረመረችው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ድምጿ ዝግ ያለ። ለልብ ደም የሚያደርሰው ሥር መዘጋቱን፣ የልቡ ጡንቻ በከፊል መጎዳቱን፣ ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ጉዳቱ ያንስ እንደነበር ነገረቻቸው። ከዚያ «ቤት ምግብ የሚሠራው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለች አብሳይዋ፣ ዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው።

ሐኪሟ አልወቀሰቻትም። «ሲጋራውም አለበት፣ መቀመጡም አለበት፤ በዘርም የሚመጣ ነገር አለ። አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም» አለቻት። ጨው ይቀንስ፣ ስብ ይቅር፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይብዛ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይሂድ፣ መድኃኒቱን አያቋርጥ። አብሳይዋ ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ጨውና ስብ የሚለው ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ አለች በሆዷ።

ቤት በገቡ ቀን የጨው ዕቃውን አንሥታ መታጠቢያው ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ጨው የተቀቀለ ጎመን፣ ያለ ጨው የተቀቀለ ድንች፣ ያለ ዘይት ሩዝ ሆነ።

«ሆስፒታል ነኝ ወይስ ቤቴ?» አለ በመጀመሪያው ቀን።

«ለራስህ ነው።»

«ለራሴ ከሆነማ ልቅመሰው» ብሎ ሁለት ማንኪያ ዋጠና ተወው።

እውነቱን ለመናገር ሲጋራውን ጣለ። አርባ ዓመት ያጨሰው ሰው፣ አንድም ቀን ሳያለቃቅስ ጣለው። በእግር መሄዱንም ሞከረ። አመሻሽ ላይ የኳስ ሜዳውን ዳር ዳር ይዞሩ ነበር፤ ከተጋቡ ጀምሮ ጎን ለጎን እንዲህ ሄደው አያውቁም። እሷ ደስ ብሏት ነበር። እሱ ግን «ሰው ሲያየኝ ሥራ ፈት እመስላለሁ» ይላል። ጉልበቱን ሲያመው አንድ ቀን ቀረ፣ ከዚያ ሳምንት ቀረ። ሳህኑን መጥረግም ተወ።

በሦስተኛው ወር ቀላል ሥራ ተሰጥቶት መሣሪያ ማከማቻ ክፍል ተመለሰ። ምሳውን በሳህን ቋጥራ ትልክለታለች፤ ሳህኑም ባዶውን ይመለሳል። እግዜር ይመስገን፣ ለመደ፣ አለች።

ካፍቴሪያው ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፍ፣ በዕድሜ እኩያዋ የሆነች ሴት ነበረች። ሽንኩርቱ ሁልጊዜ ስለሚያስለቅሳት «አልቃሻዋ» ይሏታል። አንድ ቀን አብሳይዋ ድንች ልታወጣ ወደ ኋላው ዕቃ ቤት ስትገባ አልቃሻዋ ቢላዋ እንደ ያዘች በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ከኋላዋ ባሏ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ስብ የተኛበት ሥጋና መኮሮኒ የያዘ ሳህን አለ። ከንፈሩ በዘይት ይብለጨለጫል።

«የላክሁልህስ?» አለች።

አልቃሻዋ ናት የመለሰችው። «ለዘበኛው ውሻ ነው የሚሰጠው። ውሻውም አንዳንዴ አሽትቶ ይተወዋል።»

«ልትገድይው ነው? ልትገድይብኝ ነው?»

«ዓይን ዓይኔን እያየ ሲለምነኝ እንዴት ልከልክለው፣ እትዬ?»

ባሏ ሳህኑን ጎኑ አስቀመጠና አፉን በመዳፉ ጠረገ። «እሷን አትቆጪ። የለመንኳት እኔ ነኝ። ደግሞስ ይሄ ድስት የማን ነው? ያንቺ አይደል? የናፈቀኝ ያንቺ እጅ ነው።»

ድስቱ የእሷ ነበር። በዚያው ጠዋት ለአራት መቶ ሰው በእፍኟ ዘግና የበተነችው ራሷ ናት።

ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። በአራተኛው ቀን እሷ ተሸነፈች። ምስሩ ላይ ጥቂት ጨው ጣል አድርጋ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ጨምራ አቀረበችለት። በላ። «አሁን ምግብ ምግብ አለ» አለና፣ ቆይቶ ደግሞ «ዕቃ ቤቱ ጋ አልደርስም፣ በቃኝ» አላት። ቃሉንም ጠበቀ። አመሻሽ ላይ እንደገና ሜዳውን መዞር ጀመሩ።

ይህ በሆነ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መሣሪያ ማከማቻው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞቶ ተገኘ።

ሐኪሟ፣ የተጎዳ ልብ አንዳንዴ ምቱ ተዛብቶ በድንገት እንደሚቆም አስረዳቻት። አብሳይዋ ማወቅ የፈለገችው ሌላ ነበር። የሠላሳ ዓመቱ ምግብ ነው? የዕቃ ቤቱ ነው? ጨርሶ ባልከለክለው ይተርፍ ነበር? «ይሄ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም» አለቻት ሐኪሟ። አጥፍተሻል ቢሏት ትሸከመው ነበር፤ የለሽበትም ቢሏት ታርፍ ነበር። ሁለቱንም የሚላት ጠፋ።

ለቅሶ ቤት አልቃሻዋ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ እንባ የሚያወርደው ዓይኗ ያን ቀን ደረቀ። ለአራት ወር ሁለቱ ሴቶች አንድ ምድጃ ሥር እየዋሉ ከሥራ ውጪ ቃል አልተለዋወጡም።

ሌላ ከተማ የምታስተምረው የአብሳይዋ ልጅ በየሳምንቱ ትደውልላታለች። «እማዬ፣ ግፊትሽን ተለኪ። አንቺም የበላሽው እሱ የበላውን ነው እኮ።» ልጅቷን ለማስደሰት ብላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ግፊቷ ከፍ ብሏል።

የለካቻት ነርስ ምክሯን ጀመረች። «ታዲያ እትዬ፣ ጨው በአንድ ጊዜ እቆርጣለሁ ብለሽ እንዳትነሺ። ብዙ ሰው እንደዚያ ጀምሮ ነው የሚሰለቸው። በዚህ ሳምንት ከለመድሽው ትንሽ ቀንሺ፣ በሚቀጥለው ሌላ ትንሽ። ምላስ ይለምዳል።»

«በስንት ጊዜ?»

«አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት።»

አብሳይዋ ወንበሩ ላይ እንዳለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ነርሷ በግፊቱ የደነገጠች መስሏት ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «አይዞሽ፣ በመድኃኒትም በምግብም ይስተካከላል።»

በማግሥቱ ካፍቴሪያ እንደ ገባች አልቃሻዋን ጠራቻት። «ኩባያ ስጪኝ።»

«ምን ሊሆን?»

«ጨው ልሰፍርበት። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልቃሻዋ ኩባያውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ፣ ሽንኩርቱ ገና ሳይላጥ።

በየሳምንቱ በጣት ወርድ ቀነሱ። የሥጋውን ስብ ከማብሰላቸው በፊት ቆርጠው ያወጡታል፤ ባቄላና ምስር አበዙ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ጨመሩ። በአምስተኛው ወር ድስቱ ውስጥ የሚገባው ጨው የዱሮው ግማሽ ሆነ። አራት መቶ ሰው በየቀኑ በላ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። እንዲያውም አንድ አንጋፋ የማሽን ሠራተኛ ሳህኑን ሲመልስ «እትዬ፣ እጅሽ ዛሬም ያው ነው» አላት።

ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እንዲህ ቀላል ነበር? ሳያውቀው፣ ሳይቀየም፣ በዚያው በለመደው ሳህን ሊሆን ይችል ነበር። ጆንያው ላይ ተቀምጣ ቆየች። አልቃሻዋ ከውጭ ሆና «ሰልፉ ረዝሟል፣ እትዬ» እስክትል ድረስ አልተነሣችም።

አሁን አመሻሽ ላይ ሁለቱ ሴቶች ሜዳውን አብረው ይዞራሉ። አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ትቆማለች። የአብሳይዋ ግፊት ወርዶ ነርሷ «ጎበዝ!» ስትላት ደስታ ፊቷ ላይ አልታየም። ልጇ ግን በስልክ እልል አለች።

በባሏ ቦታ የተቀጠረው መካኒክ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቦርጫም፣ ሲጋራ ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነው። በመጣ በሳምንቱ ሳህኑን ዘርግቶ፣ «እትዬ፣ ስቡን ጣል አድርጊልኝ» አላት።

«የለም» አለችውና ባቄላ ጨመረችለት።

«ነገስ?»

«ነገም የለም።»

እየተነጫነጨ ሄዶ ተቀመጠ። ጭልፋዋን እንደ ያዘች፣ ከሰልፉ በላይ አሻግራ፣ እስኪጨርስ አየችው።